አፍና ጠርሙስ

አሁን አሁን ንግግሩን «ቻይናዎች ሲተርቱ» ብሎ የማይጀምር ሰው ማግኘት ከባድ ሆኗል። ድሮ «አበው እንዳሉት» ነበር። ዛሬ ሥልጠና የሚሰጠው፣ ስብሰባ የሚመራው፣ ሙሽሮችን የሚመርቀው፣ «እንዴት ሀብታም መሆን ይቻላል?» የሚል መጽሐፍ የሚጽፈው ሁሉ አንድ ሁለት የቻይና አባባል በኪሱ ይዞ ነው የሚዞረው። አባባሉ እውነት ከቻይና ይምጣ አይምጣ የሚያጣራ የለም። አገሩ ሩቅ፣ ቋንቋው ከባድ፤ ማን ሄዶ ይጠይቃል? ከሩቅ የመጣ ነገር ደግሞ ይከበራል። እናቱ «ልጄ፣ አፍህን ሰብስብ» ስትለው የሚሰለቸው ሰው፣ ያችው ምክር የቻይና ካባ ለብሳ ስትመጣ ማስታወሻ ደብተር ያወጣል። እኔም አውጥቼ አውቃለሁና ራሴን ነጥዬ አይደለም የማወራው።

ባለፈው ሰሞን አንድ ጉዳይ ለማስፈጸም ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ኮሪደሩ ላይ፣ ወረፋ ከምንጠብቅበት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት፣ በላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ተለጥፏል። «አፍህን እንደ ጠርሙስ ክደን» ይላል በትልልቁ። ከሥሩ በትንንሹ «የቻይናውያን አባባል» የሚል አለ። ጎኑ ላይ ቡሽ የተወተፈበት የወይን ጠጅ ጠርሙስ ተስሏል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከጠርሙሱ ጋር ተፋጥጬ ተቀመጥኩ። የምፈልጋቸው ኃላፊ የት እንደሄዱ፣ መቼ እንደሚመለሱ፣ ጭራሽ ይምጡ አይምጡ ሦስት ሠራተኞች ጠየቅሁ። ሦስቱም ትከሻቸውን ሰብቀው አለፉ። መቼም ጽሑፉ ግድግዳ ላይ አልቀረም፤ ገብቷቸዋል ማለት ነው አልኩ በሆዴ።

ነገሩ ግን ከዚያ በኋላ አልለቅ አለኝ። አንድ ወዳጅ አለኝ፤ በሰባዎቹ ለትምህርት ቤጂንግ ተልኮ ዓመታት ቆይቶ የመጣ፣ ዛሬም መንገድ የሚሠሩትን ቻይናዎች ሲያገኝ በቋንቋቸው ቀልዶ የሚያስቃቸው ሰው ነው። ማኪያቶ ጋበዝኩትና «ይሄ ነገር የእውነት የእነሱ ነው ወይስ የኛ ሰው ፈጠራ?» አልኩት። «የእነሱ ነው» አለና ከስኒው ሥር የነበረችውን ሶፍት ስቦ አራት ፊደል ሳለባት። ሾው፣ ኮው፣ ሩ፣ ፒንግ። «ሾው ጠብቅ ማለት ነው፤ ኮው አፍ፤ ሩ እንደ፤ ፒንግ ደግሞ…» ብሎ ቆመ።

«ጠርሙስ አይደለም እንዴ?»

«ነገሩ እሱ ላይ ነው» አለኝ።

ቻይናዎች እንዲህ ያሉትን ቋጠሮዎች ቼንግዩ ይሏቸዋል። አብዛኞቹ አራት ፊደል ብቻ ናቸው፤ ከብዙዎቹ ጀርባ ግን አንድ የቆየ ታሪክ ወይም መጽሐፍ አለ። ታሪኩን ያላወቀ ሰው የሚጨብጠው ገለባውን ነው። ይሄ ለኛ እንግዳ አይደለም። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» የሚለውን ለፈረንጅ ቃል በቃል ብትተረጉሙለት ለዶሮዋ ያዝን ይሆናል እንጂ ማን እንደተሰደበ አይገባውም።

ፒንግ ዛሬ ቻይና ውስጥ የቢራ ጠርሙስም ነው፣ የአበባ ማስቀመጫም ነው። በጥንቱ ዘመን ግን ከጉድጓድ ውኃ የሚቀዱበት የሸክላ ዕቃ ነበር። ስለዚህ ለኛ የሚቀርበው እንስራው ወይም ገንቦው ነው። «እና ምን ለውጥ አለው?» የሚል አይጠፋም። ለውጥማ አለው። ጠርሙስ ያሳያል። ምን እንደያዘ፣ ግማሽ ይድረስ ሩብ፣ ከመንገድ ማዶ ሆናችሁ ታያላችሁ። አፉ ተከድኖ ሆዱ የሚታይ ዕቃ የምሥጢር ምሳሌ ሊሆን አይችልም። (እንዲህ ያለ ሰው ግን ሞልቷል። «እኔ ምንም አልናገርም» እያለ ፊቱ ሁሉን ነገር የሚዘረግፍ።) እንስራ ሆዱን አያሳይም። ዘንበል ሲያደርጉት ግን ይቀዳል። አንገቱ የጠበበው እንዳይፈስ ነው እንጂ እንዳይቀዳ አይደለም። ውኃ ተሞልቶበት አንድ ቀን እንኳ የማይቀዳበት እንስራ ማን ቤት አለ? ከርሞ ይሸታል እንጂ ምን ይፈይዳል?

«ክደን» የሚለውም ትርጉም አልተዋጠልኝም። ሾው መጠበቅ ነው፤ ዘበኛ በር የሚጠብቀውን ዓይነት መጠበቅ። በር ጠባቂ በሩን በግንብ አይደፍነውም። የሚገባውን ያስገባል፣ የሚወጣውን ያስወጣል፣ የማይገባውን ይመልሳል። መዝገበ ቃላቱ «ምሥጢርን አጥብቆ መያዝ» ብሎ ባጭሩ ያልፈዋል፤ ትክክልም ነው። ከዚያ በላይ ያልኩት የእኔ ንባብ ነውና በእኔ ይያዝ።

የበለጠ ያስገረመኝ ግን ወዳጄ ሶፍቷን ገልብጦ በጀርባዋ የጻፈው ነው። ለካስ አባባሉ ግማሽ ነው! ሌላ አራት ፊደል አለው። ፋንግ፣ ዪ፣ ሩ፣ ቼንግ። «ሐሳብህን እንደ ከተማ ቅጥር ጠብቅ» እንደ ማለት ነው። ጠላት ሲመጣ ከተማ በቅጥሯ እንደምትመክት፣ አንተም የገዛ ፍላጎትህን፣ ምኞትህን፣ ክፉ ሐሳብህን ቅጥር ሠርተህ መክት ነው ነገሩ። በ7ኛው መቶ ዓመት ዳኦሺ የሚባል የቡድሃ መነኩሴ ባጠናቀረው መጽሐፍ ውስጥ ሁለቱ አብረው ይገኛሉ፤ እንዲያውም ሐሳብ ይቀድማል፣ አፍ ይከተላል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ ውስጥህን አጥራ፣ ከዚያ አፍህን ጠብቅ። ዛሬ ቻይናም ውስጥ በሰው አፍ የሚዘወተረው የአፉ ግማሽ ነው፤ እኛ ዘንድ የደረሰውም እሱው ነው። ምክንያቱ አይጠፋኝም። ኃላፊ ሠራተኛውን «አፍህን ጠብቅ» ብሎ ማዘዝ ይችላል። «ሐሳብህን ጠብቅ» ካለ ግን ነገሩ ወደ ራሱም ይዞርበታል።

ይህን አባባል ጆው ሚ የተባለ የ13ኛው መቶ ዓመት ጸሐፊ ፉ ቢ ለሚባል ሰው ይሰጠዋል። ፉ ቢ እ.ኤ.አ. ከ1004 እስከ 1083 የኖረ፣ በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን እስከ ዋና ሚኒስትርነት የደረሰ ሹም ነው። ይህን ሰው ሳላውቅ መኖሬ ቆጨኝ።

እ.ኤ.አ. በ1042 በሰሜን ያሉት ኪታኖች መሬት ካልተሰጠን ጦርነት ነው ብለው መጡ። ወደ ኪታኑ ንጉሥ ሄዶ የሚደራደር ሰው ሲፈለግ ታላላቆቹ ሹማምንት አፈገፈጉ፤ ዕጣው ፉ ቢ ላይ ወደቀ። የመጀመሪያውን መልእክት ሲቀበል ልጁ መሞቷን ሰማ፤ ሄደ። ሁለተኛውን ሲቀበል ወንድ ልጅ መወለዱን ሰማ፤ አሁንም ሄደ። ከቤቱ የሚላክለትን ደብዳቤ ሳይከፍት ያቃጥለው ነበር ይባላል፣ ሐሳቤን ይበትነዋል ብሎ። ሐሳብን እንደ ቅጥር መጠበቅ ይሏችኋል ይሄ ነው። ትንሽ ጭካኔ አለበት፤ እኔ አላደርገውም። ግን የሚናገረውን የሚኖር ሰው ነበር።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። በሁለተኛው ጉዞ ላይ የሚያደርሰው የመንግሥት ደብዳቤ ተሰጥቶታል፤ በቃልም የሚናገረው ተነግሮታል። ጥቂት ከተጓዘ በኋላ ለምክትሉ ሥጋቱን አወያየው። መልእክተኛ ሆኖ ደብዳቤውን አላየውም፤ የተጻፈውና በቃል የተነገረው የተለያየ እንደሆነ ጉዳዩ ሁሉ መበላሸቱ ነው። ከዚያ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? «አፍህን እንደ እንስራ ጠብቅ» ያለው ሰው የመንግሥትን ደብዳቤ ከፈተው! እንደፈራውም ጽሑፉና ቃሉ አይገናኙም። ፈረሱን አዙሮ ወደ ዋና ከተማው ጋለበና ቀኑ ሳይመሽ ንጉሡ ፊት ቀረበ። ይህን ያደረጉት ሰዎች እኔን ለሞት ሊዳርጉኝ ነው፣ የእኔ መሞት ግድ የለም፣ የአገር ጉዳይስ እንዴት ይሁን ብሎ ተናገረ። ደብዳቤው ተለወጠለት። ሄዶም መሬት ሳይሰጥ በየዓመቱ የሚላከው ላይ 100 ሺህ ጥቅል ሐርና 100 ሺህ ልያንግ ብር በማስጨመር ጦርነቱን አስቀረ። እሱ ራሱ በዚህ ስምምነት አልኮራም፤ ሹመት ሲሰጠው እንቢ ብሏል።

እንግዲህ የአባባሉ ባለቤት ይህ ነው። የራሱን ሐዘን፣ የራሱን ደስታ፣ የቤቱን ወሬ ከድኖ ያዘ። ተንኮል የተሸሸገበትን የታሸገ ወረቀት ግን ቀደደ። ኮሪደሩ ላይ ያለውን ወረቀት የለጠፈው ሰው ይህን ታሪክ ቢያውቅ ኖሮ ይለጥፈው ነበር? እንጃ።

ቻይናዎች ስለ ምሥጢር ብዙ ብለዋል። ኮንፊሽየስ ጆው ወደሚባለው መንግሥት ሄዶ ወደ ቤተ መቅደስ ሲገባ አፉ በሦስት ማኅተም የታሸገ የብረት ሰው ቆሞ አየ የሚል ታሪክ አለ። አንድ ማኅተም አልበቃ ብሎ ሦስት። «አፉን ሦስቴ አሸገ» የሚለው ቼንግዩ ከዚያ መጣ። ሌላም አለ። እኛ «ግድግዳ ጆሮ አለው» እንላለን፤ እነሱ «ከግድግዳው ወዲያ ጆሮ አለ» ይላሉ። የኛ ግድግዳ ራሱ ይሰማል፤ የእነሱ ግን ከወዲያ ማዶ ጎረቤት አለበት። አዲስ አበባም ከዚህ ወሬ አላመለጠችም። ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር ሠርታ የሰጠችው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ2012 ተመረቀ። በ2018 ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ ከሕንፃው ኮምፒውተሮች በየሌሊቱ መረጃ ወደ ሻንጋይ ሲተላለፍ አምስት ዓመት ኖሯል ብሎ ጻፈ። ቻይና ሐሰት ነው አለች፤ የኅብረቱ መሪዎችም አስተባበሉ። የእኔን ቀልብ የሳበው ሕንፃው የቆመበት ቦታ ነው። ዓለም በቃኝ ወህኒ ቤት የነበረበት ነው። ያ መሬት ስንት ሰው ምሥጢር አውጣ እየተባለ የተሰቃየበት መሬት ነው።

አንዱን አባባል ግን በጥቂቱ ማለፍ አልችልም፤ ምክንያቱም ትርጉሙ ተገልብጧል። ያንግ ጀን የሚባል በሀን ሥርወ መንግሥት ዘመን የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ124 የሞተ ሹም ነበር። ወደ ተሾመበት ግዛት ሲሄድ ቀድሞ እሱ ያስቀጠረው ዋንግ ሚ የሚባል የወረዳ ሹም ማታ መጣና አሥር ጂን ወርቅ አቀረበለት። በዛሬ ሚዛን ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ያንግ ጀን አልቀበልም አለ። ዋንግ ሚ ጨለማ ነው፣ ማንም አያውቅም ሲለው፣ ሰማይ ያውቃል፣ መንፈስ ያውቃል፣ እኔ አውቃለሁ፣ አንተ ታውቃለህ፤ እንዴት ማንም አያውቅም ትላለህ? አለው። ሰውዬው አፍሮ ወርቁን ይዞ ሄደ። የያንግ ቤተሰብ ተወላጆች እስከ ዛሬ የዘር ቤታቸውን «የአራቱ ማወቅ አዳራሽ» ብለው ይጠሩበታል።

እሺ፣ ይህች ንግግር ዛሬ ምን ሆነች? ትንሽ ተለውጣ «ሰማይ ያውቃል፣ ምድር ያውቃል፣ አንተ ታውቃለህ፣ እኔ አውቃለሁ» ሆነች፤ በሰው አፍ ስትውል ደግሞ «ከእኔና ከአንተ ሌላ ማንም አያውቅም፣ አይዞህ» ማለት ሆነች። ጉቦ አልቀበልም የተባለባት ቃል ጉቦ መቀባበያ ሆነች። ወዳጄ ይህን ሲነግረኝ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ምክንያቱን ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ።

የ300ው ልያንግ ብር ተረትማ ልጆችም የሚያውቁት ነው። አንድ ሰው 300 ልያንግ ብር አጠራቀመና ሌባ እንዳይወስድበት ጓሮው ቀበረው። ቀብሮም እንቅልፍ አልወስድ አለው። ቢጨንቀው ምልክት ሰሌዳ ጽፎ ተከለበት፦ «እዚህ ቦታ 300 ልያንግ ብር የለም።» ጎረቤቱ ዋንግ አር ማታ መጥቶ ቆፍሮ ወሰደው። እሱም በተራው ይጠረጥሩኛል ብሎ ፈራና ሌላ ሰሌዳ ተከለ፦ «ጎረቤቱ ዋንግ አር አልሰረቀም።» ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይሄ ነው። ማንም ሳይጠይቅ የሚወጣ የ«ምንም የለም» መግለጫ በሬዲዮ ስሰማ እኔ ትዝ የሚለኝ ዋንግ አር ነው። ስንዴ ጠፋ ሳይባል «የስንዴ እጥረት የለም» ሲባል አገሩ ሁሉ ጆንያ ይዞ ይሮጣል።

ቻይናም ይህን በራሷ ላይ አይታለች። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1975 በሄናን ክፍለ ሀገር ባንቺያው የሚባለው ግድብ በአውሎ ነፋስ ዝናብ ተደርምሶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። የሟቹ ቁጥር የመንግሥት ምሥጢር ተብሎ ለሠላሳ ዓመት ተያዘ። በተፈጥሮ አደጋ የሞተ ሰው ቁጥር ምሥጢር መሆኑ የቀረው በ2005 ነው። አስቡት፤ ጎርፍ የወሰደው ሰው ቁጥሩ ከማን ነው የሚደበቀው? ጠላት ቢሰማ ጎርፉን ያባብሰዋል?

በሚያዝያ 2003 ደግሞ ሳርስ የሚባለው በሽታ ሲዛመት የጤና ሚኒስትሩ ዣንግ ወንካንግ ወጥተው ቤጂንግ ውስጥ 12 ሕሙማን አሉ፣ የሞቱት 3 ናቸው አሉ። ጂያንግ ያንዮንግ የሚባሉ አረጋዊ የጦር ሠራዊት ሐኪም ቤታቸው ተቀምጠው ይህን በቴሌቪዥን ሰሙ። አንድ ሆስፒታል ብቻ 60 ሕሙማን እንደተኙ ያውቃሉ። ጽፈው ለዜና ማሠራጫዎች ላኩ፤ የቻይናዎቹ ዝም አሉ፣ ጽሑፉ ከውጭ ጋዜጠኞች እጅ ገብቶ ወጣ። ሚያዝያ 20 ቀን ሚኒስትሩና የቤጂንግ ከንቲባ ከሥልጣን ወረዱ፤ በዚያው ቀን የከተማዋ የሕሙማን ቁጥር ከ37 ተነሥቶ 339 ሆነ። ሰዎቹ በአንድ ሌሊት አልታመሙም። ሐኪሙ መጀመሪያ ጀግና ተባሉ፣ በዓመቱ ሌላ ደብዳቤ በመጻፋቸው ታሰሩ፤ በ2023 በ91 ዓመታቸው አረፉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የዓይን ሐኪሙ ሊ ወንልያንግ መጣ። ታኅሣሥ 30 ቀን 2019 ውሃን ከተማ ሆኖ፣ በስልክ ለሕክምና ትምህርት ቤት ጓደኞቹ፣ ሳርስ የሚመስል በሽታ ገብቷል ብሎ ጻፈላቸው። ወደ ውጭ እንዳያወጡት፣ ግን ቤተሰቦቻቸው እንዲጠነቀቁ እንዲነግሩ አሳሰባቸው። እኔ ስለ እንስራው ያልኩት ማለት ይሄ ነበር። አልደፋውም፣ በጥቂቱ ቀዳ፤ የሚጠማው ሰው ጋ እንዲደርስ። ጥር 3 ቀን 2020 ፖሊስ ጠርቶ የማስጠንቀቂያ ወረቀት አቀረበለት። ሁለት ጥያቄ ነበረው፦ ይህን ማቆም ትችላለህ? ገባህ? «እችላለሁ» ብሎ ጻፈ፤ «ገብቶኛል» ብሎ ጻፈ፤ በጣቱም ፈረመበት። የካቲት 7 ቀን በዚያው በሽታ ሞተ። 33 ዓመቱ ነበር። በመጋቢት ፖሊስ ማስጠንቀቂያውን ሰርዞ ቤተሰቡን ይቅርታ ጠየቀ። ወረቀቱ ከነአሻራው ዓለም ሁሉ አይቶታል። አፍን የመክደን ጠቃሚነት የሚያስተምር ሰው እሱን ወረቀት አጠገቡ ቢሰቅል ትምህርቱ ይሟላለት ነበር።

አንድ አንባቢ «አንተ ሰው፣ ምሥጢር የሚባል ነገር ይጥፋ ነው የምትለው?» ሊለኝ ይችላል። በፍጹም። ሐኪም የታማሚውን፣ የንስሐ አባት የልጁን፣ ጠበቃ የደንበኛውን፣ ጎረቤት የጎረቤቱን ገመና ካልከደነ ሰው ለሰው መኖሩ ይቀራል። ሆዱ ውስጥ ነገር የማያድርለት ሰው ስንት ትዳር፣ ስንት እድር እንዳፈረሰ የማያውቅ የለም። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል የተባለው በከንቱ አይደለም። እኔ የምጠይቀው የማን ውኃ ነው ብዬ ነው። የጎረቤቴ ገመና የጎረቤቴ ነው፤ እኔ አደራ ጠባቂ ነኝ። የሕዝብ ጉዳይ፣ የሕዝብ በሽታ፣ የሕዝብ ንብረት ግን ውኃው የሕዝብ ነው። እሱን ይዞ «እኔ ምሥጢረኛ ነኝ» የሚል ሰው የሰው እንስራ ነው የደበቀው። የመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ላይ ያ ወረቀት የተለጠፈው ለየትኛው ነው? ባለጉዳይ የኃላፊውን ገመና ሊጠይቅ አልመጣም፤ የት እንዳሉ ነው የጠየቀው።

አሁን ያልሳቅኩበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ወዳጄንም በዚያው ነገርኩት።

በሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ ጢሜ ሳይወጣ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ተቀጥሬ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት መጋዘኑ ሲከፈት አራት አዳዲስ ጎማና ሁለት የጽሕፈት መኪና የሉም። በሩ አልተሰበረም። አለቃዬ ከሰዓት በኋላ ቢሮአቸው አስጠሩኝ፤ በሩን ዘጉ። ቅዳሜ ማታ ማን ቁልፉን ወስዶ እንደነበር እኔ አውቅ ነበር፤ ምክንያቱም ቁልፉን የሰጠሁት ለእሳቸው ነው። «እግዜር ያውቃል፣ እኔና አንተ እናውቃለን፤ ይሄ ነገር እዚሁ ይቅር የኔ ልጅ» አሉኝ። ያንግ ጀንን ያኔ አላውቀውም። እሺ ጌታዬ ብዬ ወጣሁ።

ጣጣው የወደቀው የሌሊት ዘበኛው ላይ ነው። ጡረታ የወጡ ወታደር ነበሩ፤ ሁላችንም አሥር አለቃ እያልን ነው የምንጠራቸው። ሌሊት በርዷቸው እሳት ሲያነዱ የሚነድላቸው ካርቶን እኔ ነበርኩ የማስቀምጥላቸው። ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ቃሌን ሰጠሁ። «የማውቀው ነገር የለም» ብዬ ፈረምኩ። አሥር አለቃ ሥራቸውን ለቀቁ፤ ያልተከፈላቸው ደመወዝም ለጎማው ተይዞ ቀረ። እኔ ከዚያ በኋላ በመሥሪያ ቤቱ «ሆደ ሰፊ ልጅ ነው፣ ነገር አይወጣውም» ተብዬ ተመሰገንኩ። በዓመቱ እድገትም አገኘሁ። ይህን ዛሬ ስጽፍ አለቃዬ በሕይወት የሉም፤ ስለዚህ ድፍረት አይባልልኝም።

ወዳጄ ማኪያቶውን እስኪቀዘቅዝ አልነካውም። «ሰውዬውስ?» አለኝ።

አንድ ጊዜ አግኝቻቸዋለሁ። ሰባት ስምንት ዓመት አልፎ፣ አንበሳ አውቶቡስ ውስጥ። እሳቸው ናቸው መጀመሪያ ያወቁኝ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «እንደምን አለህ ልጄ፣ አደግህ» አሉኝ። የመሥሪያ ቤቱን ሰው አንድ በአንድ በስሙ ጠየቁኝ፣ ጽዳቷን፣ ሹፌሩን፣ ገንዘብ ያዧን። መጨረሻ ላይ «አለቃህስ፣ ደህና ናቸው?» አሉኝ። «ደህና ናቸው» አልኳቸው። ከቤቴ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ።